የአልብሬኽት ፎን ግሬፌ ሕይወት እና የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ትርጉም፦ ወደ ውጭ በሚንሸዋረር የሕፃናት ዐይን ላይ የቀረበ ታሪካዊ ዳሰሳ

መግቢያ

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሐኪሞቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ነው። ከኮተቤና ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ለሚነሣ ወላጅም፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር በሪፈር ለሚላክ ወላጅም፣ ዐይኑ የተንሸዋረረ ልጁን ይዞ የሚመጣበት በር ይኸው ነው። ከመንሸዋረር ዓይነቶች አንዱ አንደኛው ዐይን ወደ ጆሮ በኩል፣ ማለትም ወደ ውጭ፣ የሚያዘነብልበት ነው። ይህ ዓይነቱ መንሸዋረር በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለ በኋላ ከወራት ወይም ከዓመታት ቆይታ በኋላ የመመለስ ጠባይ አለው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ሲናገር፣ በወላጅ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የመጀመሪያው ሥራ ተበላሽቶ ይሆን ወይ የሚል ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የዐይን ጡንቻ ቀዶ ሕክምና በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላ አውሮጳ ሲነጋገርበት የነበረ ጉዳይ ነው፤ መልስ ለማግኘትም ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የዐይን ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፌ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የግሬፌን የሕይወት ታሪክ በመከተል፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከስሕተት ማረሚያነት ተነሥቶ የታቀደ ሕክምና አካል እስከ መሆን የደረሰበትን መንገድ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የአባት ወንበር

አልብሬኽት ፎን ግሬፌ ግንቦት 22 ቀን 1828 በበርሊን ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ነበር። አባታቸው ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፌ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር፣ የተጎዳ አፍንጫን መልሶ በመሥራት ጥበብም በመላ አውሮጳ የታወቁ ሐኪም ነበሩ። እኚህ ሰው በ1840 የሐኖቨርን ዓይነ ስውር አልጋ ወራሽ ለማከም በሄዱበት ከተማ ድንገት ታመው ሲሞቱ ልጃቸው ገና 12 ዓመቱ ነበር።

የሟቹን ወንበር የተረኩት ዮሐን ፍሪድሪሽ ዲፈንባኽ ናቸው። ዲፈንባኽ ይህን ኃላፊነት ከመያዛቸው ከጥቂት ወራት በፊት፣ ጥቅምት 26 ቀን 1839፣ አንድ ዐይኑ ወደ አፍንጫው የተንሸዋረረበትን የሰባት ዓመት ልጅ ቀዶ ሕክምና አድርገውለት ነበር። ሐሳቡን ቀደም ብሎ ያቀረቡትና በአስከሬን ላይ የሞከሩት የሐኖቨሩ ሐኪም ሉዊስ ሽትሮማየር ሲሆኑ፣ በሕያው ሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ በመፈጸም ግን ዲፈንባኽ ቀዳሚ ሆነው ተመዝግበዋል። ስለዚህ የወጣቱ ግሬፌ ሕይወት ገና ከጅምሩ ከዚህ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የአባታቸውን ቦታ የያዙት ሰው ያስገኙት ሥራ፣ በኋላ ልጁ ሊያርሙት የተነሡት ሥራ ሆነ።

የዲፈንባኽ መቀስና ያስከተለው

እያንዳንዱን ዐይን የሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል በውስጥ በኩል ያለው ዐይንን ወደ አፍንጫ፣ በውጭ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ጆሮ ይስባል። ዐይን ቀጥ ብሎ የሚቆመው እነዚህ ሁለቱ ሲመዛዘኑ፣ አንጎልም የሁለቱን ዐይኖች ምስል አንድ አድርጎ ሲይዝ ነው። ዲፈንባኽ ወደ ውስጥ ለተንሸዋረረ ዐይን ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር፤ አጥብቆ ይስባል የተባለውን የውስጥ ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ይቆርጡታል። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም ነበርና ሥራው በጥቂት ደቂቃ መጠናቀቅ ነበረበት። ዐይኑም ወዲያው ቀና ይል ነበር።

ዜናው በፍጥነት ተሰማ። ዲፈንባኽ በ1842 ባሳተሙት መጽሐፍ 1,200 ያህል ሰዎችን ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ አስታወቁ። በሌሎች ከተሞች ያሉ ሐኪሞችም ተከተሏቸው። ነገር ግን የተቆረጠው ጡንቻ ወደ ዐይን ጉድጓዱ ጥልቀት ይሸሻል፤ አንዳንዴ ከዐይኑ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ አንዳንዴም ከቦታው እጅግ ርቆ ይጣበቃል። ተቃዋሚ ያጣው የውጭ ጡንቻ ዐይኑን ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይወስደዋል። በመሆኑም ወደ ውስጥ ለተንሸዋረረ ዐይን መፍትሔ ተብሎ የተደረገው ሥራ፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ወደ ውጭ የተንሸዋረረ፣ ወጣ ያለና ወደ አፍንጫ መዞር የማይችል ዐይን አስከተለ። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ መልክ ስለነበረው ቀዶ ሕክምናው ስሙ ጠፋ፤ ብዙ ሐኪሞችም ፈጽመው ተዉት።

ዲፈንባኽ በኅዳር ወር 1847 በድንገት ሲሞቱ፣ ግሬፌ በዚያው ዓመት በ19 ዓመታቸው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ አገኙ።

የትምህርት ጉዞ

ግሬፌ ከበርሊን ወጥተው በመጀመሪያ ወደ ፕራግ ሄዱ። የዐይን ሐኪም ለመሆን የወሰኑት በዚያ በፕሮፌሰር ፈርዲናንድ አርልት ምክር ነው። የዐይን ሕክምና በዘመኑ በአብዛኛው የአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ጥገኛ ስለነበር፣ አንድ ወጣት ሐኪም ዕድሜውን በሙሉ ለአንድ የሰውነት ክፍል መስጠቱ ያልተለመደ ነበር። ከፕራግ ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ ቪየናና ወደ ለንደን ተጓዙ፤ በየከተማው ታላላቅ የሚባሉትን የዐይን ሐኪሞች ሥራ በቅርብ ተመለከቱ። ለንደን ውስጥ ከዊልያም ቦውማንና ከጆርጅ ክሪቸት ጋር ተዋወቁ። እንዲሁም የኔዘርላንዱን የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፍራንስ ዶንደርስን በ1851 አገኙ፤ ወዳጅነታቸው እስከ ሞት ዘለቀ።

በዚሁ ዓመት ኸርማን ሄልምሆልትዝ የዐይንን ውስጠኛ ክፍል ለማየት የሚያስችለውን ኦፍታልሞስኮፕ የተባለ መሣሪያ ይፋ አደረጉ። እስከዚያ ድረስ በሕያው ሰው ብሌን ውስጥ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነበር። ግሬፌ መሣሪያውን ለሕክምና ከተጠቀሙ ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። ለመንሸዋረር ሕክምናም ትልቅ ትርጉም ነበረው። ዐይኑ የተንሸዋረረው በጡንቻ ሚዛን መዛባት ነው ወይስ ከውስጥ ታሞ ማየት ስለተሳነው ነው የሚለውን ጥያቄ፣ ከመቁረጥ በፊት መመርመር የተቻለው ከዚህ በኋላ ነውና።

የበርሊኑ ክሊኒክ

ግሬፌ ወደ በርሊን ተመልሰው የግል የዐይን ክሊኒክ ከፈቱ። በ1852 በካርል ጎዳና የተደራጀው ይህ ክሊኒክ ብዙ ሳይቆይ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሕመምተኞችና ተማሪዎች የሚጎርፉበት ሆነ። መክፈል የማይችሉ ድኆች በነጻ ይታከሙ ነበር። ግሬፌ ከማለዳ እስከ ምሽት በሕመምተኞች መካከል ይውሉና ሌሊቱን ለጽሕፈት ያውሉት ነበር።

በ1854፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ ለዐይን ሕክምና ብቻ የተለየ የምርምር መጽሔት መሠረቱ። አርልትና ዶንደርስ በአዘጋጅነት ተቀላቀሏቸው። መጽሔቱ በመሥራቹ ስም እየተጠራ ዛሬም ይታተማል። በዚህ መጽሔት በ1857 ያወጡት ሥራ ደግሞ ስማቸውን በዓለም አስጠራ፤ ድንገተኛ ግላኮማ ያለበት ሰው ከአይሪሱ ላይ ቁራጭ ቢወጣለት ከዕውርነት ሊድን እንደሚችል አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም ተብሎ የተተወ ነበር። በኋላም የዐይን ሞራ ግርዶሽን የማውጣት ዘዴ አሻሻሉ።

በእነዚህ ታላላቅ ግኝቶች ጥላ ሥር የተሸፈነው፣ ነገር ግን በዚያው በ1857 በዚያው መጽሔት የወጣው፣ ስለ መንሸዋረርና ስለ ቀዶ ሕክምናው ያዘጋጁት ሰፊ ጥናት ነው።

ቀድሞ መለካት

ግሬፌ በዲፈንባኽ ሥራ ላይ ያዩት ጉድለት መቁረጡ አልነበረም፤ ሳይለኩ መቁረጡ ነበር። አንድ ዐይን ትንሽ ሌላው ብዙ የተንሸዋረረ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም እኩል ይቆረጡ ነበር። ስለዚህ ግሬፌ ሦስት ለውጦችን አመጡ።

አንደኛው የሚቆረጠውን ቦታ ይመለከታል። ጡንቻውን በሥጋው ላይ ከመቁረጥ ይልቅ፣ ጅማቱ ከዐይኑ ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ብቻ አላቀቁት። በዙሪያው ያለው ስስ ሽፋን ካልተበጣጠሰ ጡንቻው ብዙ አይሸሽም፤ ከቀድሞ ቦታው ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ይጣበቃል። ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሁለተኛው መጠንን ይመለከታል። የመንሸዋረሩ ልክ አስቀድሞ ይለካል፤ የሽፋኑ መላቀቅም በዚያው ልክ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ውጤቱ ከበዛ በስፌት ይገታል።

ሦስተኛው ክፍፍልን ይመለከታል። መንሸዋረሩ ከባድ ሲሆን ሥራውን ሁሉ በአንድ ዐይን ላይ ከመጫን፣ ለሁለቱ ዐይኖች ማከፋፈልና እንደ አስፈላጊነቱ በተለያየ ጊዜ መፈጸም እንደሚሻል አስተማሩ። በዚህ ሐሳብ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የሚታቀድ ሆነ።

ወደ ውጭ የሚያዘነብለውን ዐይን በተመለከተ ደግሞ በ1862 ሌላ ጥናት አወጡ። አንዳንድ ሰዎች ዐይናቸው ቀጥ ያለ ቢመስልም በንባብ ጊዜ ቶሎ ይደክማሉ፤ ፊደሉም ሁለት ይሆንባቸዋል። ግሬፌ ምክንያቱ የውስጥ ጡንቻዎች ሁለቱን ዐይኖች ወደ ቅርብ ነገር አጣምሮ ለመያዝ አቅም ማነሳቸው መሆኑን አስረዱ። ይህን የተደበቀ ዝንባሌ ለመግለጥ ቀላል ፈተና አዘጋጁ። በወረቀት ላይ ያለችን አንዲት ነጥብና በእርሷ ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በፕሪዝም አማካይነት ለሁለቱ ዐይኖች ለያይቶ በማሳየት፣ ዐይኖቹ ሲለያዩ ወዴት እንደሚሄዱ ማየት ነው። የፈተናው መሠረተ ሐሳብ ዛሬም በዐይን ምርመራ ያገለግላል።

ወደ ውጭ የሄደውን መመለስ

ለግሬፌ ከሁሉ የከበደው በአሮጌው ዘዴ ተቆርጠው ወደ ውጭ የዞሩትን ዐይኖች መመለስ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ዡል ጌራን የሸሸውን ጡንቻ ፈልጎ ወደ ፊት የማምጣትን ሐሳብ ቀደም ብለው አቅርበው ነበር። ግሬፌ የራሳቸውን የክር ዘዴ አስገቡ። ወደ ኋላ የሸሸውን የውስጥ ጡንቻ ከጠባሳው ያላቅቁና፣ ተቃራኒውን የውጭ ጡንቻ ከማያያዣው ይቆርጣሉ። ከዚያም በቀረው የጅማት ጉቶ ክር አስገብተው ዐይኑን ወደ አፍንጫ በኩል በመሳብ ክሩን ፊት ላይ በፕላስተር ያስራሉ። ዐይኑ እንዲህ ተይዞ በሚቆይበት ጊዜ የውስጡ ጡንቻ ወደ ፊት ቀርቦ ይጣበቃል። ለሕመምተኛው አስጨናቂ ሥራ ነበር። በኋላ የክሪቸት ዘዴ፣ ጡንቻውን ራሱን ወደ ፊት ስቦ በስፌት ማሰር፣ ቦታውን ወሰደ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ግን ጸና፦ ሐኪም የቀደመውን ቀዶ ሕክምና ውጤት ተከታትሎ ማየት፣ መመዝገብና ማረም ይኖርበታል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1861 ግሬፌ በሳንባ ሽፋን ሕመም ክፉኛ ታመሙ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ጤንነት አላገኙም። በ1862 የዴንማርክ መኳንንት ወገን የሆኑትን አና ክኑትን አገቡ። በ1866 ሙሉ ፕሮፌሰር፣ በ1868 ደግሞ ሻሪቴ በተባለው ታላቅ ሆስፒታል የዐይን ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ዓመቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያረፉበት ነው። ግሬፌ እየሳሉና እየደከሙ ማስተማራቸውንና ማከማቸውን አላቋረጡም። ሐምሌ 20 ቀን 1870፣ ፈረንሳይ በፕሩሲያ ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ በ42 ዓመታቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በ1882 በሻሪቴ አጠገብ ሐውልት ቆመላቸው።

ከተማሪዎቻቸውና ከረዳቶቻቸው አንዱ ዩሊዩስ ሂርሽበርግ ነበሩ። ሂርሽበርግ በ1885 ያቀረቡት ዘዴ ከጥቂት ብርሃን በቀር ምንም አይጠይቅም። ብርሃን በልጁ ፊት ሲያዝ በሁለቱ ዐይኖች ላይ የሚታየው ነጸብራቅ በብሌኑ መካከል ካረፈ ዐይኑ ቀጥ ያለ ነው። በአንደኛው ዐይን ነጸብራቁ ፈቀቅ ካለ ግን ዐይኑ የተንሸዋረረ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ፈቀቅታ በግምት 7 ዲግሪ ይሆናል። መምህራቸው ያስቀደሙት ልኬት በዚህ መልክ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንኳ በአንድ ባትሪ የሚፈጸም ሆነ።

ትሩፋቱ ለዛሬ

ከግሬፌ በኋላ የዐይን ጡንቻ ቀዶ ሕክምና በልኬት እየጠራ ሄደ። በ1922 አሜሪካዊው ጄምሰን ጡንቻውን ወደ ኋላ ወስዶ በተለካ ርቀት ከዐይኑ ነጭ ክፍል ጋር በስፌት የማሰርን ዘዴ አስተዋወቁ። ዛሬ ወደ ውጭ ለሚንሸዋረር ልጅ የሚደረገው ሥራ በሚሊሜትር ይታቀዳል።

ይሁን እንጂ ልኬት መመለስን አላስቀረም። በሰሜን አሜሪካ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሆኑ 197 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2019 የታተመ ጥናት፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ወደ ውጭ ለሚሄድ ዐይን የሚደረጉ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን አነጻጽሯል። በሦስት ዓመት ውስጥ አጥጋቢ ያልሆነ ውጤት የታየው በአንደኛው ዘዴ በ46 በመቶ፣ በሌላው በ37 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ አንዱን ዘዴ ከሌላው ለማስበለጥ የሚያበቃ ሆኖ አልተገኘም። ቀዶ ሕክምና የጡንቻን ቦታ ይለውጣል እንጂ፣ ሁለቱን ዐይኖች አጣምሮ የሚይዘውን የአንጎል ሥራ በቀጥታ አይለውጥም። ይህ የማጣመር አቅም የላላበት ልጅ ዐይኑ ዳግመኛ ወደ ውጭ ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ማስፈለጉ ብቻውን የመጀመሪያው ሐኪም ስለ ማጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም።

ለኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት ሁለት ቦታ ላይ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከምክንያቶቹም ግማሽ ያህሉ የዐይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ከባድ ሸክም መካከል የሕፃናት መንሸዋረር በቀላሉ ይዘነጋል። ወደ ውጭ የሚሄድ ዐይን ደግሞ በጅምሩ የሚታየው ልጁ ሲደክም፣ ሲታመም ወይም ሩቅ ሲያይ ብቻ ነው፤ በብርቱ ፀሐይም ልጁ አንድ ዐይኑን ይጨፍናል። ይህን ለማስተዋል በደጋ ፀሐይ ሥር በትምህርት ቤት ግቢ የሚቆም መምህር ከሐኪም ይልቅ ይቀርባል። ስለዚህ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለሚሠለጥን መምህር እነዚህን ምልክቶች ማወቅ ትርፍ ዕውቀት አይደለም።

ሁለተኛው ቦታ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ዳግመኛ የሚሠራ ሐኪም ጠባሳ ውስጥ ይገባል፤ የትኛው ጡንቻ፣ በስንት ሚሊሜትር፣ ወዴት እንደተወሰደ ካላወቀ በጨለማ የመሥራት ያህል ነው። ልጁ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዘዋወር ካርዱ ተከትሎት ካልሄደ፣ ሁለተኛው ሐኪም ግሬፌ የዲፈንባኽን ሕመምተኞች ሲቀበሉ በነበሩበት ሁኔታ ላይ ይገኛል። የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ ቅጂ ለወላጅ መስጠት ይህን ይከላከላል።

ማጠቃለያ

የዐይን ጡንቻ ቀዶ ሕክምና በዲፈንባኽ ድፍረት ተጀመረ፤ በጠፋበት ስሙ ግን ሊቀር ተቃርቦ ነበር። ያቆየው ግሬፌ ያስተማሩት ሥርዐት ነው፦ ከመቁረጥ በፊት መለካት፣ ሥራውን ማከፋፈል፣ ውጤቱን መከታተል፣ ሲያስፈልግም መመለስ። ወደ ውጭ ለሚንሸዋረር ልጅ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የዚህ ሥርዐት አካል ነው። ወላጅ ይህን መስማት ያለበት ዐይኑ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ሳይሆን፣ ልጁ ለመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ነው።